የቪቦርግ ጥሪ፦ የመጀመሪያው የሩሲያ ዱማ ሲፈርስ ካዴቶች ምን አደረጉ?

እሑድ፣ ጁላይ 9 ቀን 1906 እ.ኤ.አ.። በሴንት ፒተርስበርግ የታውሪዳ ቤተ መንግሥት በሮች ተቆልፈዋል፤ ደጁን ወታደር ይጠብቀዋል። ሩሲያ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርጫ ያገኘችው የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት፣ የመጀመሪያው ዱማ፣ በተከፈተ በ72 ቀኑ በዛር ኒኮላስ ሁለተኛ አዋጅ ፈርሷል። 200 ያህል እንደራሴዎች በባቡር ወደ ፊንላንድ ተሻግረው ቪቦርግ ከተማ በአንድ ሆቴል ተሰበሰቡ። በማግስቱ፣ ዱማው ተመልሶ እስኪጠራ ድረስ ሕዝቡ ለመንግሥት ግብር እንዳይከፍል፣ ልጆቹንም ለውትድርና እንዳይሰጥ የሚጠይቅ ጽሑፍ ፈርመው ተበተኑ። ሕዝቡ ግን ግብሩን ከፈለ፤ በመጸውም ምልምሎቹን አስረከበ። ዋጋውን የከፈሉት ፈራሚዎቹ ብቻ ሆኑ።

ይህን ጉዳይ ለብቻው ነጥዬ የመረመርኩት ካዴቶች የሚባሉት የሩሲያ ሊበራሎች ከዚያ በኋላ ለገጠሟቸው ሽንፈቶች ሁሉ ፍንጭ የሚሰጥ ስለሚመስለኝ ነው። የሩሲያን አብዮት ታሪክ በአማርኛ ያነበብነው በአብዛኛው ከቦልሼቪኮች ወገን ነው። በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን በተሰራጩት ጽሑፎች ውስጥ ሊበራሎቹ «የቡርዣው ፓርቲ» ተብለው በአንድ መስመር ይታለፉ ነበር። ፈሪዎች፣ አድርባዮች ተባሉ። ቪቦርግ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ግን ፈሪዎች አልነበሩም። የጎደላቸው ሌላ ነገር ነው፤ ጽሑፌም የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው።

የምጠቅሳቸው ቀኖች ሩሲያ እስከ 1918 መጀመሪያ ስትገለገልበት በነበረው አሮጌ አቆጣጠር ናቸው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከምዕራባውያኑ በ13 ቀን ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ሁለት አቆጣጠር ይዞ መኖርን ለለመደ አንባቢ ይህ አያስቸግርም።

ከየት መጡ?

የሩሲያ ሊበራሎች ዋነኛ ትምህርት ቤት ዜምስትቮ ነበር። ዜምስትቮ በ1864 የተቋቋመ የአካባቢ አስተዳደር ጉባኤ ሲሆን፣ በየአውራጃው መንገድ የሚያሠራ፣ ሐኪምና መምህር የሚቀጥር ነበር። በዚህ ሥራ ውስጥ ያደጉ ባለመሬት መኳንንት፣ ከከተማ ጠበቆች፣ ፕሮፌሰሮችና ሐኪሞች ጋር እየተገናኙ ሕገ መንግሥት መጠየቅ ጀመሩ። በ1905 አገሪቱ በጃፓን ጦርነት ሽንፈት፣ በሥራ ማቆም አድማና በገበሬ አመፅ ስትናጥ፣ በኦክቶበር ሕገ መንግሥታዊ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን በሞስኮ መሠረቱ። በሩሲያኛ ስሙ መነሻ ፊደላት ካዴት ተባለ። መሪው የታሪክ ምሁሩ ፓቬል ሚሊዩኮቭ ነበር።

ፓርቲው ገና ጉባኤ ላይ እንዳለ፣ ኦክቶበር 17 ቀን፣ ዛሩ ማኒፌስቶ አወጣ። የመናገርና የመሰብሰብ ነፃነት እንዲሁም ያለ ዱማ ስምምነት አዲስ ሕግ እንደማይጸድቅ ቃል ገባ። ዛሩ ማኒፌስቶውን እንዲያወጣ ያሳመነው፣ በቀናት ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ሰርጌይ ቪቴ ነው።

ምርጫው ቀጥተኛ አልነበረም፤ ባለርስቱ፣ ከተሜው፣ ገበሬውና ሠራተኛው ለየብቻ ተቧድነው በደረጃ የሚመርጡበት ነበር። መንግሥት ገበሬው ዛሩን ይወዳል ብሎ ብዙ ወንበር ሰጠው። የግራ ፓርቲዎች በአብዛኛው ምርጫውን ረገጡ። በዚህ መሐል ካዴቶች ከ480 ገደማ መቀመጫ ከ170 በላይ ይዘው ትልቁ ፓርቲ ሆኑ። ገበሬዎቹም ጥቂት የማይባሉት ትሩዶቪክ በሚባለው፣ መሬት በሚጠይቀው ቡድን ውስጥ ተሰባሰቡ። የመንግሥት ስሌት ከሸፈ። ሚሊዩኮቭ ራሱ ግን እጩ እንዳይሆን ተከልክሎ ስለነበር ዱማ አልገባም። ይህ የተንኮል ክልከላ በኋላ ምን እንዳመጣ እንመለስበታለን።

ዱማው ከመከፈቱ በፊት ግን ሁለት ነገር ተፈጽሞ ነበር። አንደኛ፣ በአፕሪል 1906 ቪቴ በዋናነት ከፈረንሳይ ባንኮች 2 ቢሊዮን ከ250 ሚሊዮን ፍራንክ ተበደረ። ይህ ብድር ግምጃ ቤቱን ከዱማው እጅ ነፃ አወጣው፤ አንዳንድ ካዴቶች ፓሪስ ድረስ ሄደው ብድሩን ለማሰናከል ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም። ሁለተኛ፣ ዱማው ሊከፈት አራት ቀን ሲቀረው መሠረታዊ ሕጎቹ ታወጁ። ሚኒስትሮች ተጠሪነታቸው ለዛሩ ሆነ። ግማሹ በዛሩ የሚሾም የመንግሥት ምክር ቤት ከዱማው በላይ ተቀመጠ። ዱማው በሌለበት ጊዜ ዛሩ በአዋጅ ሕግ ማውጣት ይችላል። ቪቴም ብድሩን ካመጣ በኋላ ተሰናበተ፤ በምትኩ አዛውንቱ ጎሬሚኪን ተሾመ።

ሰባ ሁለት ቀን

ኤፕሪል 27 በክረምት ቤተ መንግሥት በተደረገው መክፈቻ፣ በአዳራሹ በአንድ ወገን የወርቅ ጥልፍ የለበሱ ሹማምንትና ጄነራሎች፣ በሌላው ወገን ጥቁር ኮት የለበሱ ጠበቆችና የገጠር ካባ የደረቡ ገበሬዎች ፊት ለፊት ቆሙ። ዛሩ እንደራሴዎቹን «ምርጥ ሰዎች» ብሎ ተቀበላቸው። ከዚያ በጀልባ በኔቫ ወንዝ ወደ ታውሪዳ ሲጓዙ፣ በመንገዳቸው ላይ ካለው የክሬስቲ እስር ቤት መስኮቶች እስረኞች መሐረብ ያውለበልቡላቸው ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ንግግር ስለ እስረኞች መሆኑ አያስገርምም። የዜምስትቮው አንጋፋ ኢቫን ፔትሩንኬቪች ተነሥቶ ለነፃነት ብለው ለታሰሩት ሁሉ ምሕረት ጠየቀ።

አፈ ጉባኤ ሆኖ የተመረጠው ሰርጌይ ሙሮምፀቭ የሮማ ሕግ ፕሮፌሰር ነበር። በ1884 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የተባረረው በፖለቲካ አቋሙ ነው። ለዚህ ቀን ዕድሜውን ሙሉ ሲዘጋጅ የኖረ ይመስል ነበር፤ የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ደንብ አርቅቆ መጣ፣ አዳራሹንም በክብር መራ።

ዱማው ለዛሩ በላከው መልስ ሁሉንም ጥያቄ በአንድ ጊዜ አቀረበ፦ ምሕረት፣ የሞት ቅጣት መሰረዝ፣ ለዱማ ተጠሪ የሆኑ ሚኒስትሮች፣ የመንግሥት ምክር ቤት መወገድ፣ ከባለርስት መሬት ተወስዶ ለገበሬ መከፋፈል። ሜይ 13 ጎሬሚኪን ቀርቦ የመሬቱ ነገር «የማይፈቀድ» መሆኑን ነገራቸው። ያን ቀን ቭላዲሚር ናቦኮቭ፣ የቀድሞ የፍትሕ ሚኒስትር ልጅና የካዴቶች ምርጥ ተናጋሪ፣ «አስፈጻሚው ሥልጣን ለሕግ አውጪው ይገዛ!» ብሎ ንግግሩን ዘጋ። ዱማው በሚኒስትሮቹ ላይ እምነት እንደሌለው ወሰነ። ሚኒስትሮቹ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። ሕጉ እንዲነሡ አያስገድዳቸውማ።

ከዚያ መንግሥት የመጀመሪያውን የሕግ ረቂቅ ላከ። ለዩሪዬቭ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ማጠቢያና የዘንባባ ማሳደጊያ የመስታወት ቤት ማሠሪያ ገንዘብ ይፈቀድ የሚል ነበር! ገበሬ በሚራብበት፣ የጦር ፍርድ ቤቶች ሰው በሚሰቅሉበት አገር፣ ለሕዝብ ተወካዮች የቀረበላቸው ይህ ነው። ንቀቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ይሁን የቢሮክራሲ ደንዝዝነት፣ አዳራሹ ውስጥ የተሰማው ስሜት አንድ ነው።

በ72 ቀናት እንደራሴዎቹ 400 ገደማ ጥያቄዎችን ለሚኒስትሮች አቀረቡ። የሞት ቅጣትን የሚሰርዝ ሕግ አጸደቁ፤ የላይኛው ምክር ቤት አላሳለፈውም። በጁን መጀመሪያ በቢያሊስቶክ አይሁዳውያን ሲጨፈጨፉ፣ የቀድሞው የአገር ውስጥ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ልዑል ኡሩሶቭ በዱማው ተነሥቶ ለጭፍጨፋ የሚቀሰቅሱ ወረቀቶች በፖሊስ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይታተሙ እንደነበር አጋለጠ። ከሁለቱም ወገን አልፎ ሕግ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለረሃብተኞች እርዳታ 15 ሚሊዮን ሩብል። መንግሥት የጠየቀው 50 ሚሊዮን ነበር።

በጁን ውስጥ ግን አንድ በር ተከፍቶ ነበር። የቤተ መንግሥቱ አዛዥ ጄነራል ትሬፖቭ ከሚሊዩኮቭ ጋር በምስጢር ተገናኝቶ ካዴቶች መንግሥት ስለሚመሠርቱበት ሁኔታ ተነጋገረ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፒዮትር ስቶሊፒንም ለብቻው አነጋግሮታል። ሚሊዩኮቭ ሙሉ የካዴት ካቢኔና ሙሉ ፕሮግራም ካልሆነ አንገባም አለ። የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ከልባቸው ይነጋገሩ ነበር ወይስ ጊዜ ይገዙ ነበር የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ ዛሩ ራሱ ልቡን ሰጥቶት ነበር ብዬ አላምንም። ሆኖም ሚሊዩኮቭ የተደራደረው፣ ዱማው ቢነካ አገሩ ሁሉ እንደሚነሣ በማመን ነው። ያ እምነት የተፈተነው ቪቦርግ ላይ ነው።

ማፍረሻ ምክንያት የሆነው መሬት ነው። መንግሥት ጁን 20 ከባለርስት አንዲት ጋሻ እንደማይነካ ለሕዝብ አስታወቀ። ዱማው በበኩሉ ለሕዝብ የራሱን መግለጫ ለማውጣት ወሰነ። ይህ ለመንግሥት በቂ ነበር። ስቶሊፒን ሰኞ ጁላይ 10 መጥቶ ስለ ቢያሊስቶክ እንደሚመልስ ለሙሮምፀቭ አስታውቆ ስለነበር፣ እንደራሴዎቹ ለሰንበት ወደየቤታቸው ሄዱ። እሑድ ጠዋት አዋጁ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኙት። በዚያው ቀን ጎሬሚኪን ተነሥቶ ስቶሊፒን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

በሆቴሉ አዳራሽ

ለምን ቪቦርግ? ፊንላንድ በዛሩ ሥር ብትሆንም የራሷ ሕግ ያላት ራስ ገዝ አገር ስለነበረች፣ የሩሲያ ፖሊስ እንደ ልቡ አይገባባትም። ከሴንት ፒተርስበርግ በባቡር የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። እንደራሴዎቹ ቤልቬደሬ የሚባለው ሆቴል ውስጥ ተጨናንቀው ተቀመጡ። ሙሮምፀቭ እንደ ዱማው ሁሉ ሰብሳቢ ሆነ።

ረቂቁን ይዞ የመጣው ሚሊዩኮቭ ነው። ክርክሩ እስከ ሌሊት ቀጠለ፣ በማግስቱም ጠዋት ተጀመረ። የትሩዶቪኮቹ ወገን የበለጠ ኃይለኛ ጥሪ ይፈልግ ነበር፤ አንዳንዶቹ ሠራዊቱ ከሕዝብ ጎን እንዲቆም መጥራት ይሻሉ። ከካዴቶቹም ውስጥ ብዙዎች ግብርና ምልምል መከልከል የሚለውን አልወደዱትም። ካውንት ሄይደንን የመሰሉ ለዘብተኞች ደግሞ ጭራሽ አልፈረሙም። ሚሊዩኮቭና ጓደኞቹ ጥሪውን ያዩት እንደ መሐል መንገድ ነው፦ ዝም ካልን ክህደት ነው፣ ጦር እናንሣ ካልን ደም ነው፤ እንግዲያው ሰላማዊ እምቢታ።

ተቃዋሚዎቹ ያነሡት ነጥብ ግን በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ትክክል ነበሩ።

ግብርን እንውሰድ። በዚያን ጊዜ የሩሲያ መንግሥት ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው ከቀጥተኛ ግብር አልነበረም። የቮድካ ሞኖፖሉ ብቻውን ከጠቅላላው ገቢ ከሩብ በላይ ያስገባ ነበር። በስኳር፣ በትምባሆ፣ በክብሪት፣ በመብራት ዘይት ላይ የተጣለው ግብርና የጉምሩክ ቀረጥ ሲጨመርበት፣ ገበሬው ግብር የሚከፍለው በአብዛኛው ገበያ በወጣ ቁጥር ነው። ሰብሳቢ ደጁ መጥቶ የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሹ ክፍል ነበር። እሱም እየሳሳ ነበር፦ ገበሬው ከ1861ዱ ነፃነት ጀምሮ ለመሬቱ ሲከፍለው የነበረው የቤዛ ክፍያ በኖቬምበር 1905 ማኒፌስቶ ለ1906 በግማሽ ተቀንሶ፣ ከ1907 መጀመሪያ ጀምሮ ጨርሶ እንዲቀር ተወስኗል። ስለዚህ ጥሪው ሰው ቮድካና ክብሪት መግዛቱን ካላቆመ በቀር ግምጃ ቤቱን እምብዛም አይጎዳም። የፈረንሳዩም ብድር ቀድሞ ገብቷል።

ምልምልስ? ጥሪው የተጻፈው በጁላይ ነው፤ ዓመታዊው የምልመላ ጊዜ መጸው ላይ ነው። ሕዝቡ ተቆጥቶ ሳለ እምቢ የሚልበት ነገር አልነበረም፤ እምቢ የሚልበት ጊዜ ሲደርስ ደግሞ ቁጣው በርዷል። እንደገና፣ ምልመላ እምቢ የሚባለው በመንደር ደረጃ ነው። አንድ መንደር ለብቻው እምቢ ካለ ኮሳክ የሚባለው የዛሩ ፈረሰኛ ጦር ይላክበታል። ሁሉም መንደር በአንድ ቀን እምቢ እንዲል የሚያስተባብር ድርጅት ያስፈልጋል፤ ካዴቶች ደግሞ በመንደር ውስጥ ሰው አልነበራቸውም።

በሕግም በኩል መሠረቱ ደካማ ነበር። ጥሪው ያለ ዱማ ስምምነት መንግሥት ግብር ሊሰበስብ፣ ወታደር ሊመለምል አይችልም ይላል። መሠረታዊ ሕጎቹ ግን በጀት በጊዜው ካልጸደቀ ያለፈው ዓመት በጀት ይቀጥላል፤ የምልምል ቁጥርም ካልተወሰነ ያለፈው ዓመት ቁጥር ይወሰዳል ይሉ ነበር። እነዚህን አንቀጾች ከማንም በላይ የሚያውቋቸው እዚያ አዳራሽ የተሰበሰቡት የሕግ ሊቃውንት ራሳቸው ናቸው። ሚሊዩኮቭ የታሪክ ሰው እንደመሆኑ ቀዳሚውንም ያውቃል፦ በኖቬምበር 1848 የፕሩሲያ ብሔራዊ ጉባኤ በንጉሡ ሲገፋ ተመሳሳይ የግብር እምቢታ አውጆ ነበር። ያም አልተሳካም።

ይህ ሁሉ እየተነገረ ሳለ የቪቦርግ ገዥ መጣ። ስብሰባው ካልተበተነ ከተማዋ በወታደር እጅ ትወድቃለች፣ ለፊንላንድም መዘዝ ያመጣል አለ። እንግዶቹ የተጠለሉባት ፊንላንድ በዚያ ሰሞን የምታጣው ብዙ ነገር ነበራት። ዛሩ ለሴቶችም ጭምር የመምረጥና የመመረጥ መብት የሚሰጠውን አዲሱን የፊንላንድ ፓርላማ ሕግ ያጸደቀው ጁላይ 7 ነው፤ የራሱን ዱማ ባፈረሰበት ሳምንት ማለት ነው። እንደራሴዎቹ አስተናጋጆቻቸውን ለአደጋ ማጋለጥ አልፈለጉም። ክርክሩ ሳይቋጭ ተቋረጠ። ረቂቁን ሲቃወሙ ከነበሩት ብዙዎቹ፣ ጓደኞቻቸውን ብቻቸውን ላለመተው ሲሉ ፈረሙ። በዚያን ሰዓት የፈረሙት 180 ያህል ሲሆኑ ሌሎች በኋላ ተጨመሩ።

ሰነዱን ሳስብ ልቤ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው የማያምንበትን ወረቀት ለወዳጆቹ ታማኝ ለመሆን ሲፈርም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የሚሊዮን ሰዎችን ሕይወት የሚነካ ጥሪ በዚህ መንገድ ሊወሰን አይገባም ነበር። «ለግምጃ ቤቱ አንድ ኮፔክ፣ ለሠራዊቱ አንድ ወታደር አትስጡ» የሚለው መስመር የሚያስከትለው መዘዝ በመጀመሪያ የሚወርደው በገበሬው ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ

ጥሪው ታትሞ ተሰራጨ። እዚህም እዚያም ከተሰማ ጉርምርምታ በቀር መልስ አልመጣም። በጁላይ አጋማሽ በስቬያቦርግና በክሮንስታድት ምሽጎች መርከበኞችና ወታደሮች አመፁ፤ ይህ ግን የሌላ ወገን ሥራ ነበር፣ በቀናት ውስጥም ተደመሰሰ። ካዴቶች በሴፕቴምበር በሄልሲንኪ ጉባኤ አድርገው ሰላማዊ እምቢታውን በመርህ ደረጃ አከበሩት፤ በተግባር ግን ተዉት። የራሳቸውን ጥሪ በሦስት ወር ውስጥ ቀበሩት።

ጁላይ 18፣ የካዴቶች የመሬት ጉዳይ ሊቅ ሚካኢል ገርፀንሽታይን በፊንላንድ ቴሪዮኪ ከቤተሰቡ ጋር በባሕር ዳርቻ ሲንሸራሸር በጥይት ተገደለ። ገዳዮቹ ጥቁር መቶዎች ከሚባለው ከቀኝ ጽንፈኞች ወገን ነበሩ። ይህ ሰው በዱማው ስለ መሬት የተናገራቸው ንግግሮች ከጠላትም ከወዳጅም አክብሮት ያገኙ ነበር። ፓርቲው በእሱ ምትክ ያገኘው ሰው የለም።

ስቶሊፒን ፈራሚዎቹን ያጠቃበት መንገድ የረቀቀ ነው። ወዲያው ሰብስቦ አላሰራቸውም፤ ያ ጀግና ያደርጋቸው ነበር። ክስ ብቻ ከፈተባቸው። በወንጀል የተከሰሰ ሰው ደግሞ ለዱማ መወዳደር አይችልም። በ1907 መጀመሪያ የሁለተኛው ዱማ ምርጫ ሲካሄድ፣ ሙሮምፀቭ፣ ናቦኮቭ፣ ፔትሩንኬቪች፣ ማክሲም ቪናቨር፣ የሕገ መንግሥት ሊቁ ፊዮዶር ኮኮሽኪን፣ ሁሉም ከመዝገብ ውጪ ሆኑ። ፓርቲው አንደኛ መስመሩን በአንድ ፊርማ አጣ። በሁለተኛው ዱማ ካዴቶች ወደ መቶ ገደማ ወረዱ፤ መፈክራቸውም «ዱማውን እንጠብቅ» ሆነ። አላዳናቸውም፤ ጁን 3 ቀን 1907 ስቶሊፒን ሁለተኛውንም አፍርሶ የምርጫ ሕጉን በአዋጅ ለባለርስቱ አመቻቸው። በሦስተኛው ዱማ ካዴቶች 50 ከምናምን ቀሩ።

የፍርዱ ሂደት የተካሄደው በዲሴምበር 1907 ነው። 169 ሰዎች ቀርበው 167ቱ የሦስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ቅጣቱ ትንሽ ነው። መርዙ ያለው በተጠቀሰው አንቀጽ ላይ ነው። ጥሪውን መጻፋቸውና መፈረማቸው የታወቀ ነው፤ ከሳሹ ግን የያዛቸው በማሰራጨት ነበር፤ የመምረጥና የመመረጥ መብትን የሚያስገፍፈው ይኸኛው ነውና። ከጠበቆቹ አንዱ የሆነው ቫሲሊ ማክላኮቭ እዚህ ላይ ተከራከረ። ማክላኮቭ የሁለተኛውና የሦስተኛው ዱማ ካዴት ነው፤ ቪቦርግ አልፈረመም፣ ጥሪውንም አይደግፍም። ነገር ግን ማሰራጨታቸው ሳይረጋገጥ ለፖለቲካ ሲባል አንቀጽ ተለውጦ ሲከሰሱ፣ የሚጎዳው ሕጉ ራሱ እንደሆነ ለዳኞቹ አስረዳ። አልሰሙትም። ሙሮምፀቭ ሞስኮ ታጋንካ እስር ቤት ገባ፤ ናቦኮቭ ደግሞ ክሬስቲ፤ ከሁለት ዓመት በፊት እስረኞች መሐረብ ያውለበለቡለት ያው ቤት።

ከፓርቲው ሰዎች ማን ተረፈ? ያልነበሩት ተረፉ። ፊዮዶር ሮዲቼቭ በዚያ ሰሞን ለፓርላማዎች ጉባኤ ለንደን ነበር፤ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ካምቤል ባነርማን የዱማውን መፍረስ ሰምቶ «ዱማ ሞተ፣ ዱማ ለዘላለም ይኑር» ያለው በዚያ ጉባኤ ላይ ነው። ሮዲቼቭ ስላልፈረመ በቀጣዮቹ ሦስት ዱማዎች ሁሉ ተቀመጠ። ሚሊዩኮቭም እንዲሁ። ረቂቁን የጻፈው እሱ ነው፤ ግን እንደራሴ ስላልነበረ ሊፈርም አይችልም፤ ስላልፈረመ አልተከሰሰም፤ ስላልተከሰሰ በ1907 ሦስተኛው ዱማ ገብቶ የፓርቲውን ቡድን መራ። በ1906 እጩነቱን የከለከለው መንግሥት ሳያውቅ አዳነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

በስደት ዘመን፣ በፓሪስ፣ ማክላኮቭና ሚሊዩኮቭ በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጻጻፉ። ማክላኮቭ ካዴቶች ገና ከጅምሩ ከመንግሥት ጋር መሥራትን ትተው ጦርነት መረጡ፤ ከቪቴ ጋር ቢተባበሩ፣ በዱማውም ጥቂት በጥቂት ቢሠሩ ሩሲያ ወደ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓት በእርጋታ ታልፍ ነበር ባይ ነው። ሚሊዩኮቭ ደግሞ ዛሩ ሥልጣን ለመጋራት ፈጽሞ አላሰበም፣ ስለዚህ የሚተባበሩት አጋር አልነበረም ይላል።

እኔ በዛሩ ጉዳይ ሚሊዩኮቭን አምናለሁ። የዩሪዬቭን ማጠቢያ ቤት ለሕዝብ ተወካይ የሚልክ መንግሥት አጋር ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ሚሊዩኮቭ ትክክል ከሆነ ቪቦርግ ይበልጥ ይከብዳል። ዛሩ እንደማይሰማ የሚያውቅ ፓርቲ፣ ዱማው ሲዘጋበት ምን እንደሚያደርግ ከኤፕሪል ጀምሮ ሊያስብበት ይገባ ነበር። በ72 ቀን ውስጥ 400 ጥያቄ ለሚኒስትሮች ጽፈዋል፤ በየወረዳው የግብር እምቢታ የሚያስተባብር አንድ ኮሚቴ ግን አላቋቋሙም። የዜምስትቮ ሐኪሞቻቸውና መምህራኖቻቸው በየገጠሩ ነበሩ፤ በዚያ መንገድ የተላከ ነገር የለም። ትሩዶቪክ ገበሬዎች አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር፤ ከእነሱ ጋር በመሬት ጉዳይ አንድ የጋራ ሕግ ይዘው ቢወጡ፣ ገበሬው የሚሟገትለት ነገር ያገኝ ነበር። ካዴቶች ለባለርስቱ ካሳ ይከፈል አሉ፤ ትሩዶቪኮች ረቂቃቸውን ለብቻ አቀረቡ፤ ዱማው ሲፈርስ ገበሬው በእጁ የያዘው ሕግ አልነበረም። መሬቱን ያላገኘለትን ምክር ቤት ለማዳን ልጁን ከኮሳክ ጋር እንዲያጋጥም ነው የተጠየቀው።

የሕግ ሰዎች ስለነበሩ ሐሳባቸውም የሕግ ሰው ሐሳብ ነው። ትክክለኛው ቃል በትክክለኛው አካል ከተነገረ ይሠራል ብለው ያምናሉ። የዱማ ድምፅ የሩሲያ ድምፅ ነው ብለው ከልባቸው ያምኑ ነበር፤ በመራጩ ቁጥር ካየነው እውነትም ነበር። መራጩ ግን ድምፁን ሰጥቶ ውጤት የሚጠብቅ እንጂ፣ ሲጠሩት የሚነሣ የተደራጀ ሰው አልነበረም።

ፈራሚዎቹ የመምረጥና የመመረጥ መብታቸውን ያገኙት በ1917ቱ የፌብሩዋሪ አብዮት ነው። ሙሮምፀቭ በ1910 ሞቶ ስለነበር አላየውም፤ ሞስኮ በብዙ ሺህ ሕዝብ ቀብራዋለች። ናቦኮቭ የጊዜያዊውን መንግሥት ጽሕፈት ቤት መራ፤ በ1922 በርሊን ላይ ሚሊዩኮቭን ለመግደል ከመጡ የዘውድ ደጋፊዎች ጋር ሲታገል በጥይት ተመቶ ሞተ። ኮኮሽኪን ሚኒስትር ከሆነ በኋላ በቦልሼቪኮች ታስሮ፣ በጃንዋሪ 1918 በፔትሮግራድ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መርከበኞች ገደሉት።

በኖቬምበር 1917 ለመሥራች ጉባኤው ምርጫ ሲደረግ ካዴቶች በፔትሮግራድ ከመራጩ ከሩብ በላይ፣ በሞስኮ ሲሶ ያህሉን ድምፅ አገኙ። በመላ አገሪቱ ግን 5 በመቶ ገደማ ነው ያገኙት። ከቪቦርግ 11 ዓመት በኋላም የገበሬው ድምፅ ሶሻሊስት አብዮተኞች ወደሚባለው ፓርቲ ሄደ።